ቤት የሚፈተነው ጎተራው ሲሞላ ነው



በሰቆጣና በመላው ዋግ ኽምራ ስለ ቤተሰብ ገንዘብ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ክረምቱ ነው። «ሐምሌን እንዴት እንለፈው? ነሐሴን በምን እንሻገረው?» ይባላል። ጎተራው ባዶ ሲሆን፣ ያልደረሰ ወጠጤ ወደ ገበያ ሲነዳ፣ የቤቱ አባወራ ወደ አበዳሪ ደጅ ሲመላለስ ያን ጊዜ ሁሉም ስለ ቁጠባ ማውራት ይጀምራል። ነገር ግን በዚያ ወር የሚቆጠብ ነገር የለም። የሌለውን ሰው ቆጥብ ቢሉት ምኑን ይቆጥባል?

የአንድ ቤት ገንዘብ የሚድነውም የሚባክነውም ገቢው በገባበት ቀን ነው። ለገበሬው እህል ከአውድማ የሚገባበት ቀን፣ ለመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን፣ ለነጋዴው እቁብ የሚደርስበት ቀን፣ ልጇ ዓረብ አገር ላለች እናት ሐዋላው የሚደርስበት ቀን የፈተና ቀን ነው። በዚያ ቀን ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ከተቀመጡ፣ ያላቸውን ቆጥረው ከጻፉና በተራ ከደለደሉ የዓመቱ ኑሮ መስመር ይይዛል። ያ ቀን በዝምታ ካለፈ ግን በኋላ የሚመጣው ጭንቀት ሁሉ ዘግይቶ የመጣ ነው። ታዲያ ይህን ልማድ በቤታችን እንዴት እንትከለው? አብረን እንመልከት።

የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ምክር በየትኛው ዓመት ተነገረ?

የዩሱፍን ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም የለም። የግብጹ ንጉሥ ያየውን ሕልም ሲፈቱለት ሰባት የጥጋብ ዓመታት፣ ከዚያም ሰባት የችግር ዓመታት እንደሚመጡ ነገሩት። ምክራቸው ግን የተግባር ምክር ነበር። ከሚታጨደው እህል ለምግብ የሚሆነውን ጥቂት ብቻ ወስዳችሁ የቀረውን ከነዛላው አስቀምጡ የሚል ነው። ልብ እንበል፤ ምክሩ የተሰጠው ችግሩ ከመድረሱ በፊት፣ ለጥጋቡ ዘመን ነው። አቀማመጡ እንኳ ሳይቀር ተነግሯል።

አንዳንድ ሰዎች «ለነገ ማስቀመጥ ተወኩልን ያጎድላል፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው» ሲሉ ይሰማል። ሪዝቅ ከአላህ (ሱ.ወ.) መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ይሁን እንጂ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የአንድ ዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር በቡኻሪ ሐዲስ ተዘግቧል። ከእርሳቸው የበለጠ በአላህ ላይ የሚመካ ማን አለ? ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው አብዛኛውን ሀብታቸውን ሰደቃ ለማድረግ ባሰቡ ጊዜም ከሲሶ በላይ እንዳይሆን ከልክለዋቸዋል፤ ሲሶውም ብዙ መሆኑን ነግረዋቸዋል። ምክንያቱም ወራሾችን የሰው እጅ ጠባቂ አድርጎ ከመተው የሚበቃቸውን ትቶላቸው መሄድ ይሻላል። እንግዲህ ለቤተሰብ ማስቀመጥ ከኢማን ጋር የሚጋጭ ሳይሆን የአባትና የእናት ኃላፊነት ነው።

የዋግ ምድር ምን አስተማረን?

በዋግ ዝናቡ አጭር ነው፤ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ቀድሞም ያቆማል። በቆላው በአበርገሌ፣ በዝቋላና በሰሃላ ማሽላው ፍሬ ሳይዝ የሚቀርባቸው ዓመታት አሉ። የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብን ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። የ1977ቱ ድርቅ ያላንኳኳው ቤት አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ብዙዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። ጦርነቱ ቆመ ሲባል በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ቆላውን ወረዳዎች እንደገና ድርቅ ጎዳቸው። በእንዲህ ያለ ምድር የሚኖር ቤተሰብ የክፉ ቀን ይመጣ ይሆን ብሎ መጠየቅ የለበትም፤ ሲመጣ ምን ይዤ ያገኘኛል ብሎ ነው መጠየቅ ያለበት።

በችግር ጊዜ ቤትን የሚያፈርሰው የእህሉ መጥፋት ብቻ አይደለም። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የወሎን ረሃብ መርምረው ነበር። የደረሱበትም በአገሪቱ በጠቅላላ የነበረው እህል ያን ያህል ሳይቀንስ የወሎ ሰው የተራበው የሚገዛበት አቅም በማጣቱ ነው የሚል ነው። ነገሩን የሰቆጣን ገበያ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም ከብቱን ለመሸጥ ይሽቀዳደማል። ከብቱ ከስቷል፣ ሻጩ በዝቷል፣ ገዢው ጥቂት ነው። በዚያው ገበያ እህል ፈላጊው ብዙ፣ አቅራቢው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከብቱ ሲረክስ እህሉ ይወደዳል። ለምሳሌ በጥር አንድ ወጠጤ ተሸጦ የሚገዛው ማሽላ በነሐሴ ሁለት ወጠጤ ሊጠይቅ ይችላል። ፍየሏ ያችው፣ ማሽላውም ያው ማሽላ ነው። የተለየው የሽያጩ ወር ብቻ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ

በክፍል ውስጥ ስሌት የምናስተምር መምህራን አንድ ነገር እናውቃለን። ልጅ መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ ሲከብደው በራሱ ቤት እህል ቢጠየቅ በቶሎ ይገባዋል። እስቲ የአንድ ቤተሰብ ምሳሌ እንውሰድ።

ቤተሰቡ 6 ሰው ነው እንበል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል አስቦ ነው የሚሰጠው። በዚህ ልክ ብንሄድ 6 ሰው በወር 90 ኪሎ፣ በ12 ወር 1080 ኪሎ ይፈልጋል። ወደ 11 ኩንታል ገደማ ማለት ነው። በዚህ ዓመት ከአውድማ የገባው ግን 7 ኩንታል ማሽላ ነው እንበል።

መጀመሪያ የአላህ ሐቅ ይወጣል። የእህል ዘካ የሚወጣው በመከር ቀን ነው። የኒሷቡን መጠን ብዙ ዑለማዎች ወደ 650 ኪሎ ገደማ ያደርሱታል፤ በዝናብ ለበቀለ እህል የሚወጣው ደግሞ ከአሥር አንድ ነው። ዕዳ ያለበትና ቤቱ የተቸገረ ሰው ሁኔታ ዝርዝር ስላለው በአካባቢው ያለ ዓሊም ይጠየቅ። ከ700 ኪሎው 70 ኪሎ ሲወጣ 630 ኪሎ ይቀራል። 630ን ለ90 ስናካፍል 7 ወር ይሆናል። ከታኅሣሥ ብንጀምር ሰኔ መጨረሻ ላይ ጎተራው ባዶ ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ያለ እህል ቀሩ። የ5 ወር ጉድለት 450 ኪሎ ነው። የዘሩን እህል ደግሞ ገና አላነሳንም።

ይህን ስሌት ያላደረገ ቤት በጥር ጎተራውን አይቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ሞልቷል» ይላል። ከዚያም ይሸጣል፣ ይደግሳል፣ ያበድራል። ስሌቱን ያደረገ ቤት ግን ዛሬውኑ አራት ኩንታል ተኩል እንደሚጎድለው ያውቃል። ስለዚህ ሙክቱን ወይም ወጠጤዎቹን ሥጋ ይዘው ሳሉ፣ የበዓል ገበያ ሳያልፍ ይሸጥና እህሉ በረከሰበት በጥርና በየካቲት ይገዛል። በአንድ ጊዜ አቅም ከሌለው በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይጨምራል። ማር ያለውም የማሩን ዋጋ ገና ሲቆርጥ ለዚህ ጉድለት ይመድበዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ!

ዘካ እዚህ ላይ ያለው ሌላ ጥቅም ልብ ይባል። ዘካ ለማውጣት መቁጠር ግድ ነው። ፍየል 40 ሲሞላ አንድ፣ ገንዘብ ወደ 85 ግራም የወርቅ ዋጋ ደርሶ የጨረቃ ዓመት ሲዞርበት ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣል። ሳይቆጥር ዘካ ማውጣት የሚችል የለም። እንግዲህ አላህ (ሱ.ወ.) የድኻውን ሐቅ ሲያዝዘን የራሳችንንም ሒሳብ በየዓመቱ እንድንመረምር አድርጎናል። ኒሷብ ያልደረሰለት ቤትም ቢሆን ቆጠራውን አይተው፤ ከቆጠራው የሚገኘው ትምህርት ለእርሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ከድልድሉ መጀመሪያ የሕፃኑ ሳህን

ቀለብ ስንል የአዋቂውን እንጀራ ብቻ እንዳናስብ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማስቆም ቃል ሲገባ ስምምነቱ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። የከተማችን ስም ከዚህ ጉዳይ ጋር መጠራቱ ሊያሳስበን ይገባል። መቀንጨር ሕፃኑ በእናቱ ሆድ ከተፀነሰ ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት በምግብ ጉድለት የሚመጣ ሲሆን፣ ካለፈ በኋላ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል።

ይህ የገንዘብ ጉዳይም ነው። ዶሮ እየረባ እንቁላሉን አንድ ሳያስቀር ሸጦ ስኳርና ቡና የሚገዛ ቤት፣ ወተቱን ሁሉ ለቅቤ አድርጎ ለገበያ የሚያወጣ ቤት ትርፍ ያገኘ ይመስለዋል። ነፍሰ ጡሯና ሕፃኑ የሚያጡት ግን በደብተር ላይ አይታይም። ስለዚህ በድልድሉ ላይ ከሳምንቱ እንቁላል ለሕፃኑ የሚቀረው ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ ወደ ገበያ የሚሄደው ከዚያ የተረፈው ይሁን።

ደብተሩን ማን ይያዘው?

በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ በአል-በቀራ ምዕራፍ ያለው ስለ ዕዳ መጻፍ የሚናገረው አንቀጽ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ዕዳው ከነጊዜው እንዲጻፍ፣ ምስክር እንዲኖረው ያዛል። ይህን የምናነብ ሰዎች ስንቶቻችን ነን በቤታችን አንድ የሒሳብ ደብተር ያለን?

ደብተሩ ውድ መሆን የለበትም፤ የተማሪ ደብተር ይበቃል። አንዱ ገጽ ለገቢ፣ አንዱ ለወጪ፣ አንዱ ከሰው ላይ ላለን፣ አንዱ የሰው ለሆነብን ይሁን። አባትና እናት ማንበብ የማይችሉ ከሆነ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይጻፍ። ይህ ልጁን ያከብረዋል፤ ስሌት የሚማረውም ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ቤት ውስጥ ያለውንና የሌለውን የሚያውቅ ልጅ በበዓል ልብስ አልተገዛልኝም ብሎ አያስቸግርም፤ ቢያስቸግርም ደብተሩን ከፍቶ ማሳየት ይቻላል።

ሚስት ከሒሳቡ ውጭ መሆን የለባትም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል። መሬቱ የሁለቱ ከሆነ ከመሬቱ የወጣው እህል ሒሳብ ለምን የአንዱ ብቻ ይሆናል? ሂንድ ቢንት ዑትባ (ረ.ዐ.) ባላቸው እጁን ስለሚያጠብቅባቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቁ ጊዜ ለእርሳቸውና ለልጆቻቸው የሚበቃውን በአግባቡ እንዲወስዱ ፈቅደውላቸዋል። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ሰው ቀጥረው በንግድ ሀብታቸውን የሚያንቀሳቅሱ ነጋዴ ነበሩ። ገንዘብን ከሚስቱ የሚደብቅ ባል፣ ከባሏም የምትደብቅ ሚስት አንድ ጎተራን ከሁለት ወገን እየቦረቦሩ ነው።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ሞት ሳይናገር ይመጣል። የቤቱ አባወራ ድንገት ቢሞት የማን ዕዳ እንዳለበትና ከማን ላይ እንዳለው የሚያውቅ ሰው በቤቱ አለን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዕዳ ባለበት አንድ ሰው ላይ ጀናዛ ከመስገድ ተቆጥበው፣ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ሁለቱን ዲናር እኔ እከፍላለሁ ካሉ በኋላ ሰግደውበታል። ያልተጻፈ ዕዳ ሟቹን ከሕይወት በኋላ ይከተለዋል፤ ባሏ የሞተባትንም ሴት እውነተኛ ባለዕዳና አጭበርባሪ ተቀላቅለው በሯን ያንኳኩባታል።

የተረፈው የት ይቀመጥ?

ሰቆጣ ጥንታዊ የጨው ገበያ ናት። ከአፋር ዝቅታ እየተቆረጠ የሚመጣው አሞሌ በቅፍለት ተጭኖ እዚህ ይደርስና ወደ መሐል አገር ይበተን ነበር። አሞሌ ደግሞ ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ገንዘብ የሚያገለግል መገበያያ ነበር። ጨው እርጥበት ካገኘው ይሟሟል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ቤተሰብ ሀብቱ በዝናብ ሊያልቅ እንደሚችል እያወቀ ይጠብቀው ነበር።

ዛሬም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ሀብት የራሱ ጠላት አለው። የእህል ጠላቱ ነቀዝ ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በደንብ ከታሰረ ነቀዙን ያለ መድኃኒት አፍኖ ስለሚገድለው ዋጋውን ይመልሳል። የፍየል ጠላቷ ድርቅና በሽታ ነው፤ ቢሆንም ትራባለች፣ እንደ በሬ በአንድ ጊዜ ካልተሸጠች ብላ አታስጨንቅም። የጥሬ ብር ጠላቱ የዋጋ ንረት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ለዓመታት ብር በትራስ ሥር ያቆየ ሰው ቁጥሩ ሳይጎድል የሚገዛው ነገር ጎድሎበታል።

እንግዲህ ብልህነቱ በአንድ ነገር ላይ አለመንጠልጠል ነው። የዓመቱ ቀለብ በእህል፣ የመካከለኛው ጊዜ ቁጠባ በሚራባ ከብት ወይም በንግድ ዕቃ፣ ለሕመምና ለድንገተኛ ጉዳይ የሚሆነው ደግሞ በቶሎ ሊወጣ በሚችል ብር ይቀመጥ። ለብሩም ወለድን የሚፈራ ሙስሊም ዛሬ ምርጫ አለው። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክና ሒጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ንግድ ባንክን ጨምሮ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ ሒሳብ ይከፍታሉ። በባንክ ያለው ገንዘብ ከሌባና ከእሳት ይጠበቃል፤ ከዋጋ ንረት ግን ስለማይጠበቅ ሁሉንም እዚያ አለማከማቸት ይበጃል።

አራጣ፣ ዱቤና እቁብ

ድልድል የሌለው ቤት መጨረሻው አበዳሪ ደጅ ነው። አራጣ በእምነታችን ከከባድ ኃጢአቶች አንዱ ሲሆን በአገራችን ሕግም የተከለከለ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሰዎች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ገድቧል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ አራጣ አበዳሪን ያስቀጣል። ሕጉ ቢኖርም የተራበ ሰው ሕግ አያነብም። በሐምሌ አንድ ኩንታል ተበድሮ በታኅሣሥ ሁለት ኩንታል ለመመለስ የተስማማ ገበሬ የመጪውን ዓመት ጎተራ ዛሬውኑ ሸጦታል። ስለዚህ አራጣን በምክር ብቻ መከላከል አይቻልም፤ ባለጸጎቻችን ያለ ወለድ ብድር ማለትም ቀርዱል ሐሰን ሊሰጡ፣ ባለዕዳው ከተቸገረም ሊታገሱት ይገባል። ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ መስጠት የቁርኣን ትእዛዝ ነው።

በከተማ ላለነው ደግሞ ዱቤ አለ። ደመወዝ ሳይደርስ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና በዱቤ ይወሰድና ደመወዙ ሲመጣ ከእጅ ወደ ሱቅ ያልፋል። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ሌላ ሱቅም አያማርጥም። መውጫው አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ ባይቻል በየወሩ ከዱቤው ጥቂት እየቀነሱ ከአንድ ዓመት በፊት ራስን ማውጣት።

እቁብ አባቶቻችን ያቆዩልን ከወለድ የጸዳ መንገድ ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 1000 ብር ቢጥሉ ለእያንዳንዱ በተራው 12,000 ብር ይደርሰዋል። ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የደረሰው ቆጠበ። በዋግ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ ይውላል፣ በአንድ እቁብም ይጥላል። መተማመኑ ለሁሉም ስንቅ ነው። ይሁን እንጂ እቁብ የሚጠቅመው ገንዘቡ ሳይደርስ ለምን እንደሚውል በደብተር ላይ ለጻፈ ሰው ነው። እቁቡ ከደረሰ በኋላ ማሰብ የጀመረ ሰው ግን ቴሌቪዥን ገዝቶ ይገኛል።

ድግሱና ጫቱ

ሰርግ፣ አቂቃ፣ የሙታን ሰደቃ በአብዛኛው ከመከር በኋላ ይመጣሉ። ደስታን መግለጽ ሱና ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን (ረ.ዐ.) ሲያገቡ ድግሱን በአንዲት በግ እንኳ ቢሆን እንዲደግሱ ነው የነገሯቸው። የዓመት ቀለብ አውጥቶ ሁለት ቀን ያበላ ሰው በሐምሌ እነዚያ እንግዶች በሩ ላይ አያገኛቸውም። በተለይ አባት ሞቶባቸው የቲም የሆኑ ልጆችን ሀብት አውጥቶ ስም ለማስጠራት መደገስ ትልቅ በደል ነው፤ የየቲም ንብረት በአደራ የተያዘ ነው።

ስለ ጫትም ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በየቀኑ 100 ብር ለጫት የሚያወጣ ሰው በወር 3000፣ በዓመት ከ36,000 ብር በላይ አወጣ ማለት ነው። ጫት ቃሚው ዕድሜውን ሙሉ ቁጠባ አልሳካልኝ አለ ሲል እንሰማለን። እርሱ እኮ ቆጥቧል፤ የቆጠበው ግን ለጫት ነጋዴው ነው።

ዓረብ አገር ያለችው ልጅ

ከወሎ ምድር ብዙ ወጣቶች ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች ዐረብ አገሮች ሄደዋል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የያዙት አንድ ሻንጣ ነበር። ለዓመታት የላኩትን ገንዘብ ሲጠይቁ ቤተሰቡ በልቶታል፣ ለሰርግ ውሏል፣ ለወንድም መንገድ ተከፍሏል።

ወላጆች ሆይ፣ ሴት ልጃችሁ በሰው ቤት ሌሊት ተነስታ ሠርታ የላከችው ገንዘብ የእርሷ ሀብት ነው። እናንተን መርዳቷ በጎ ሥራ ነው፤ የቀረው በእጃችሁ ያለ አደራ ነው። ሐዋላው በደረሰ ቀን ስንት ለቤት፣ ስንት በስሟ እንደሚቀመጥ ከእርሷ ጋር በስልክ ተነጋግራችሁ ጻፉ። በስሟ ከወለድ ነፃ ሒሳብ ይከፈትላት፣ ወይም ፍየል ተገዝቶላት ቁጥሩ ይጻፍ። አንድ ቀን ስትመለስ የሚጠብቃት የእናቷ እንባ ብቻ እንዳይሆን።

ወጣቶችም አንድ ነገር አስቡ። አብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ.) ባዶ እጃቸውን መዲና በገቡ ጊዜ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ.) የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው አቀረቡላቸው። እርሳቸው ግን መርቀው ገበያውን አሳዩኝ አሉ፤ አይብና ቅቤ እየሸጡ ጀመሩ። በትንሽ መጀመር ነውር አይደለም። ከአበርገሌ ፍየል፣ ከዋግ ማር፣ ከተከዜ ሐይቅ ዓሣ የሚጀመር ሥራ አለ። ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ በቤት ደብተር ላይ ተጽፎ አንድ ጊዜ ቢታይ ብዙ ወጣት ሐሳቡን እንደገና ያጤነው ነበር።

ከዛሬ እንጀምር

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ልማድ ለመጀመር ሙሉ ጎተራ አያስፈልግም። ከመግሪብ በኋላ አንድ ምሽት ቤተሰቡን ሰብስቡ። ያለውን ቁጠሩ፣ ዕዳውን ጻፉ፣ ለእያንዳንዱ ወር የሚያስፈልገውን አስሉ። ቀጥሎ የሚገባ ገቢ በደረሰ ዕለት ድልድሉን በዚህ ተራ አድርጉት፤ የአላህና የሰው ሐቅ፣ የዓመቱ ቀለብ ከነሕፃኑ ሳህን፣ ዘርና የሥራ መነሻ፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያ፤ ድግሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። በየወሩ አንድ ምሽት ደብተሩን ከፍታችሁ እዩት። አንድ ወር ቢዘለል ተስፋ አትቁረጡ፤ በሚቀጥለው ወር ቀጥሉ። ልማድ የሚጸናው በመደጋገም ነው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለምድራችን በጊዜው የሚዘንብ ዝናብ፣ ለቤቶቻችን በረካ፣ ለልባችን መብቃቃትን ይስጠን። ሐላል ሪዝቅ አግኝተው በአግባቡ ከሚያውሉት፣ ከዕዳ ጸድተው ከሚኖሩት ያድርገን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።